ማንም ገብቶ የሚያየው ማኅደር፦ ከአንድ የጎጃም ሬዲዮ ጣቢያ የመዝገብ ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 18

ሥራ አስኪያጁ ሥራውን የሰጡኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ተቆጣጣሪ ሲመጣ የምናፍርበት ነገር እንዳይኖር አድርግ።» ከዚያ ከስቱዲዮው ጀርባ ያለውን ክፍል ከፈቱልኝ። ሁለት የብረት ቁም ሳጥኖች አሉ፤ የአንደኛው ቁልፍ ጠፍቷል። በካርቶን የታጨቁ ካሴቶች፣ በላስቲክ የታሰሩ ሲዲዎች፣ ጀርባቸው ላይ «ልዩ ልዩ» የሚል የተጻፈባቸው ክላሰሮች። «ልዩ ልዩ» የሌለበት መሥሪያ ቤት አይቼ አላውቅም። ተፈልጎ የጠፋ ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው።

ጣቢያችን በምዕራብ ጎጃም የሚገኝ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ነው። ጋዜጠኛው ጥቂት፣ በጎ ፈቃደኛው ብዙ፣ መብራቱ ደግሞ እንደ ፈቃዱ ነው። የወረቀቱን ክምር ስገልጥ መጀመሪያ የታየኝ የሁለት ዘመን ወረቀት መሆኑ ነው። አሮጌዎቹ ደብዳቤዎች በብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ጊዜ የተጻፉ ናቸው፤ የሚጻጻፉትም ከኢትዮጵያ ብሮድካስት ባለሥልጣን ጋር ነው። አዲሶቹ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ከወጣ በኋላ ከኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ጋር የተደረጉ ናቸው። ሁለቱ በአንድ ክላሰር ተቀላቅለው ስለነበር የትኛው ግዴታ እንደቀረና የትኛው እንዳለ ለማወቅ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ በዘመን ለየኋቸው።

ጥቅምት 21

ክምሩን ወለሉ ላይ ዘርግቼ በጉዳይ መደብኩት፦ ፈቃድና ፍሪኩዌንሲ፣ የቦርድ ቃለ ጉባኤ፣ ማስታወቂያና ደረሰኝ፣ የፕሮግራም ጽሑፍ፣ ቅሬታና ምላሽ፣ የአድማጭ ደብዳቤ። የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ በሩ ላይ ቆመው ተመለከቱና «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ስታነብ እስከ ፋሲካ ትቀመጣለህ» አሉኝ። ሆኖም ሳልጠይቃቸው ገቢና ወጪ መዝገቡን አምጥተው በየደብዳቤው ላይ ያለውን ቁጥር እየጠሩ ያመሳክሩልኝ ጀመር። በቁጥር የተመዘገበ፣ ግን ወረቀቱ የሌለ ደብዳቤ ብዙ አገኘን። እያንዳንዱን በእርሳስ ምልክት አደረግንበት።

ከሁሉ የተረፈው የአድማጭ ደብዳቤ ነው። ስለ እሱ ቆይቼ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 25

የሌላው አገር ጣቢያ እንዴት እንደሚያደርግ ሳነብ ዋልኩ። ለንጽጽር ይጠቅመኛል ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ሲመሽ ግን የሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ጎደሎ ሆኖ ታየኝ።

በአሜሪካ ጣቢያዎች ለሕዝብ ክፍት የሆነ ማኅደር እንዲይዙ የተገደዱት እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ነው። ኤፍሲሲ የሚባለው የፌዴራል ተቆጣጣሪያቸው ያወጣው ደንብ ነው። ማኅደሩ ለዓመታት በጣቢያው ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት ነበር፤ ማንኛውም ሰው በሥራ ሰዓት ገብቶ ያየው ነበር። ጣቢያው ስምና አድራሻ ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ ለምን እንደፈለገውና ከየትኛው ድርጅት እንደመጣ ግን መጠየቅ አይችልም ነበር። ይህን ቦታ ደጋግሜ አነበብኩት። እኛ ዘንድ ሰው ወረቀት ሲጠይቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ፈለግኸው?» ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ደብዳቤ ይዘሃል?»

ቀስ በቀስ ማኅደሩ ወደ ኢንተርኔት ሄዷል፤ ቴሌቪዥኖቹ እ.ኤ.አ. ከ2012፣ በትልልቅ ከተሞች ያሉ ሬዲዮዎች ከ2016፣ የቀሩት እስከ ማርች 2018። በውስጡ ከሚቀመጠው ሁሉ ዓይኔን የሳበው በየሦስት ወሩ የሚወጣው የጉዳዮችና የፕሮግራሞች ዝርዝር ነው። ጣቢያው ለአካባቢው ሕዝብ ዋና ናቸው ያላቸውን ጉዳዮች ይጽፋል፤ በእነዚያ ጉዳዮች ላይ የሠራውን ፕሮግራም በርዕስ፣ በቀን፣ በሰዓት፣ በርዝመት ይዘረዝራል፤ ምን እንደተባለበትም ባጭሩ ያስቀምጣል። ሩብ ዓመቱ ባለቀ በ10ኛው ቀን ማኅደሩ ውስጥ መግባት አለበት፤ ጃንዋሪ 10፣ ኤፕሪል 10፣ ጁላይ 10፣ ኦክቶበር 10። ፈቃዳቸው 8 ዓመት ነው የሚቆየው፤ ዝርዝሩም ቀጣዩ እድሳት እስኪጠናቀቅ ከማኅደሩ አይወጣም። ፈቃድ ሲታደስ «ለሕዝብ ሠርቻለሁ» የሚለው ቃል የሚመዘነው በዚህ ወረቀት ነው ማለት ነው።

ተቆጣጣሪ በዓመት አንድ ቀን ይመጣል፣ ወይም አይመጣም። አድማጭ ግን በየገበያው ቀን በራችን ላይ ያልፋል። ማኅደሩ ለማን ይዘጋጅ የሚለው ጥያቄ ለእኔ በዚህ ቀን ተፈታ። ሥራ አስኪያጁን ገና አላሳመንኩም።

ኅዳር 2

የተላለፈውን መቅዳት። እስካሁን የተቀዳ ፕሮግራም የምናገኘው ጋዜጠኛው በራሱ ፍላሽ ከያዘው ብቻ ነው። በቀጥታ የተላለፈ ውይይት፣ በስልክ የገባ አድማጭ፣ የተነበበ ማስታወቂያ ሁሉ ነፋስ ወስዶታል።

ቴክኒሻኑ ከስቱዲዮ ሚክሰሩ (ከድምፅ ማቀላቀያው) ላይ ሽቦ አውጥተን እንቅዳ አለ። እኔ ከአየር ላይ ይሁን አልኩ፤ ትንሽ የኤፍኤም መቀበያ ከኮምፒውተሩ የድምፅ መግቢያ ጋር ይገናኝ። ከሚክሰሩ ከቀዳን ማስተላለፊያው በጠፋበት ሰዓት እንኳ «ተላልፏል» የሚል ቅጂ ይኖረናል። ማስረጃ መሆን ያለበት አድማጩ ጆሮ የደረሰው ነው። ተከራከርን፤ በመጨረሻ ከአየር ላይ ሆነ። ድምፁ ትንሽ ይሻክራል፤ ንግግሩ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

የቦታው ሒሳብ ካሰብነው በታች ነው። ድምፅ ሳይታመቅ በሲዲ ጥራት ቢቀመጥ አንድ ሰዓት 635 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። በኤምፒስሪ፣ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ሲታመቅ ግን 28.8 ሜጋባይት ብቻ ነው። በቀን 12 ሰዓት ስናስተላልፍ 346 ሜጋባይት ገደማ፣ በዓመት 126 ጊጋባይት መሆኑ ነው። አንድ ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ወደ 8 ዓመት የሚጠጋ ስርጭት ይይዛል። ሁለት እንግዛ ብዬ ጠየቅሁ፤ አንዱ ከጣቢያው ውጭ እንዲቀመጥ። ጣሪያችን በክረምት እንደሚያፈስ ሁሉም ስለሚያውቅ ብዙ አልተከራከሩኝም።

ፕሮግራሙ በየሰዓቱ ፋይሉን እየቆረጠ ቀንና ሰዓት በስሙ ላይ ያትማል። ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ምንም አልተከፈለበትም።

ኅዳር 5

ትናንት መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ኮምፒውተሩም ተነሣ፣ ቅጂውም ቀጠለ፤ ዛሬ ጠዋት ሳየው ግን የፋይሎቹ ስም ሁሉ ከብዙ ዓመት በፊት የነበረ ቀን ይላል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል። ያቺ የሰዓት ባትሪ የምትመስል ክብ ነገር ካልሠራች ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። ኢንተርኔት ቢኖር ሰዓቱን ከዚያ ያስተካክል ነበር፤ እሱም አልነበረም።

ባትሪው ከከተማው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ተገዛና ተቀየረ። ስማቸው የተዛባውን ፋይሎች ያዳነልን ደግሞ የአቅራቢዎቻችን አሮጌ ልማድ ነው፤ በየሰዓቱ መግቢያ ላይ ሰዓቱን ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ የጠዋቷ አቅራቢ ቀኑንም ትጨምራለች። ቅጂውን እየሰማሁ ትክክለኛ ስማቸውን መለስኩላቸው። ከዛሬ ጀምሮ ቀኑን ከነወሩ መናገር የሁሉም አቅራቢ ግዴታ እንዲሆን ሥራ አስኪያጁ ማስታወሻ ጽፈዋል።

ከዚሁ ጋር የሰዓትና የቀን አቆጣጠር ነገር ተነሣ። ኮምፒውተሩ 07:00 የሚለው የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ኖቬምበር 4 የሚለው ዘንድሮ ጥቅምት 25። ፋይሉን በሐበሻ ቀን እንሰይመው የሚል ሐሳብ መጣ፤ ያስማማ ነበር፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያትመውን ሰው በእጁ ሲቀይር ስህተት ይገባል። ፋይሉ የፈረንጁን እንደያዘ ይቆይ፣ ሰው የሚያነበው መዝገብ በእኛ ይሁን፤ ማመሳከሪያውም በአንድ ገጽ ታትሞ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ ተባለ። በዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ስለሚውል ያን ዓመት እስከ የካቲት ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ እንደሚገፋ በቀይ ጽፌበታለሁ። አለበለዚያ የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ሰው የማክሰኞን ፕሮግራም ረቡዕ ላይ ሲፈልግ ይኖራል።

ኅዳር 9

የስርጭት መዝገብ። ጋዜጠኞቹን ሰብስቤ ቅጹን አሳየኋቸው። ቀን፣ የተጀመረበት ሰዓት፣ ያለቀበት፣ ርዕስ፣ አቅራቢ፣ ጉዳዩ፣ ማስታወቂያ ካለ የማን፣ ፊርማ። አንደኛው «ቅጽ መሙላት የጋዜጠኛ ሥራ ሆነ?» አለ። ሌላዋ ደግሞ «ድምፁ ተቀድቶ የለም እንዴ፣ ለምን እንጽፋለን?» አለች። የእሷ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። የዓመት ቅጂ ከ4,000 ሰዓት በላይ ነው። መዝገብ ከሌለው በዚያ ውስጥ አንድ ማስታወቂያ መፈለግ ከጤፍ ክምር ውስጥ የሰናፍጭ ፍሬ እንደ መልቀም ነው።

ተስማማን፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ቅጹ ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ የሚሞላውም ከስቱዲዮ ሲወጣ በሩ ላይ ነው። እትዬ እርሳስ በሲባጎ አስረው በሩ አጠገብ ሰቀሉ። ብዕር ይዘውት ይሄዳሉ ብለው ነው።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ዛሬ መዝገቡ ገና ሳይደርቅ ተፈተነ። አንድ ሽማግሌ ከገበያ ሲመለሱ ወደ ግቢው ገቡ። በትራቸውን ከበሩ አስደግፈው ተቀመጡ።

«ስሜን በሬዲዮ ጠርታችሁ ተከሳሽ ብላችሁኛል። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። እኔ ከማንም ጋር ክስ የለኝም።»

«መቼ እንደሆነ ያስታውሳሉ፣ አባቴ?»

«እኔ አልሰማሁም። የሰሙት ናቸው የነገሩኝ። ከዜና በኋላ ነው አሉ። በዚህ ሳምንት።»

የፍርድ ቤት ጥሪ እናነባለን፤ በማስታወቂያው ዓምድ ላይ «የፍ/ቤት ጥሪ» የተባለበትን ቀን በመዝገቡ ላይ አገኘሁት። ፋይሉን ከፍቼ ከዜናው መጨረሻ ጀምሮ አሰማኋቸው። አቅራቢዋ ስም ታነባለች፤ የእሳቸው ስም፣ የአባታቸው ስም። ሽማግሌው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ቀጥሎ የአያት ስም ተነበበ፤ የቀበሌም ስም። ሌላ ሰው ነው።

«ይሄ እኔ አይደለሁም» አሉ፤ ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ «እንዲህ ከሆነ ማኅተም ያለበት ወረቀት ስጠኝ ልጄ፤ ጎረቤት ድምፅ ተሸክሜ ሄጄ አላሰማ።»

የጠየቁት ልክ ነው፤ እኛ ግን ለዚህ የተዘጋጀ ነገር አልነበረንም። ሥራ አስኪያጁ «ለግለሰብ ደብዳቤ መስጠት የፍርድ ቤቱ ሥራ ነው» ብለው አመነቱ። የስርጭት መዝገቡን ያን አንድ መስመርና የተነበበውን ጥሪ እንዳለ ቀድተን «ትክክለኛ ግልባጭ» ብለን ብንፈርምበት ስለ ሽማግሌው ምንም አንመሰክርም፤ ስለተናገርነው ብቻ ነው የምንመሰክረው አልኳቸው። አሰቡበት። ማኅተሙን ራሳቸው መቱ።

ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ሲያስገቡ ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረው «እንግዲህ በሚቀጥለው ገበያ ስንት ሰው ሊመጣ ነው?» አሉ። ሲሉት ፈገግ ብለው ነበር።

ኅዳር 17

ቅጂ ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጥ? የቅዳሜውን ካየን በኋላ ክርክሩ ቀለለ። በብሪታንያ ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ከሬዲዮ ጣቢያዎች የሚፈልገው 42 ቀን ነው። በካናዳ 4 ሳምንት ነው፤ ቅሬታ ከቀረበ ወደ 8 ሳምንት ከፍ ይላል። ሁለቱም ቅሬታ ፈጥኖ እንደሚመጣ ያሰቡ ይመስላል። እኛ ጋ ግን ሰው ነገሩን በራሱ ሬዲዮ ላይሰማው ይችላል፤ ከጎረቤት ይሰማል፣ የገበያ ቀን ይጠብቃል፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ወንዙ እስኪጎድል ይቆያል። ሐምሌ ላይ የተነገረ ነገር ቅሬታው ጥቅምት ላይ ቢመጣ አይገርመኝም። መልስ የመስጠት መብት በሕግ ያለ ነው፤ መልስ የሚሰጠው ሰው ግን መጀመሪያ የተባለውን መስማት አለበት።

ቦርዱ የወሰነው፦ ሁሉም ቅጂ አንድ ዓመት፤ ቅሬታ የቀረበበት ጉዳዩ እስኪዘጋ፤ ለሩብ ዓመቱ ዝርዝር የተመረጠና ለታሪክ የሚሆን ሁልጊዜ። ሁልጊዜ የሚለው ውስጥ የቅኔ መምህራን ቃለ መጠይቆች በሙሉ ገብተዋል። ጎጃም ውስጥ ሆኖ የዋሸራንና የዲማን ሰዎች ድምፅ የሚሰርዝ ሰው ካለ አላውቀውም።

ኅዳር 22

የአድማጭ ደብዳቤ። ከደብተር ተገንጥሎ ባለመስመር ወረቀት ላይ የተጻፈ፣ አንዳንዱ በሁለት ዓይነት ቀለም፤ ልጅ እየተነገረው የጻፈው ይመስላል። አንዱ ስለ ገብሱ ይጠይቃል፤ መሬቱ ማዳበሪያ ይበላል፣ አያበቅልም ይላል፤ «ኖራ አድርጉበት ብላችኋል፤ ኖራው ለአንድ ቃዳ ስንት ነው፣ ከየትስ ይገኛል?» ቃዳ የመሬት መለኪያ ነው፤ ኖራውም የአሲዳማ መሬት መድኃኒት ነው። በደብዳቤው ጠርዝ ላይ አንድ ሰው በቀይ «መልስ ይሰጥ» ብሎ ጽፏል። መልስ የተሰጠበት ምልክት ግን የለም።

አሜሪካኖቹ የአድማጭን ደብዳቤ በማኅደሩ ውስጥ እንዲያስቀምጡ የሚያስገድደውን ደንብ እ.ኤ.አ. በ2017 አንሥተውታል። ከምክንያቶቹ አንዱ የጻፈው ሰው ገመና ነው፤ የግለሰብ ስምና አድራሻ ያለበት ወረቀት ኢንተርኔት ላይ አይወጣም። ምክንያቱን እቀበላለሁ፤ ውሳኔውን ግን ለእኛ አልወስደውም። ደብዳቤው ከሌለ ለሕዝቡ ዋና ጉዳይ የቱ እንደሆነ የምናውቀው ከየት ነው? ከስብሰባ? የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ የመሬት አሲድነት አንድ መስመር ነው፤ ደብዳቤው ውስጥ ግን አንድ ሰው አጥሩ ሥር ቆሞ የሚያየው ገብስ ነው።

ስለዚህ ለሁለት ከፈልኩት። ደብዳቤው ራሱ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ለሕዝብ የሚታየው ስም የሌለበት ማውጫ ነው፦ የመጣበት ወር፣ ወረዳው፣ ጉዳዩ፣ መልስ ተሰጥቷል ወይስ አልተሰጠም። የመጨረሻዋ ዓምድ ጋዜጠኞቹን አላስደሰተችም። እኔ ያለ እሷ ማውጫው ጌጥ ነው ባይ ነኝ።

ኅዳር 27

የምርጫና የፖለቲካ ማኅደር። ባዶ ክላሰር ከፈትኩ፤ ከምርጫ በፊት ቢዘጋጅ ይሻላል ብዬ። አሜሪካኖቹ ለ2 ዓመት የሚያቆዩት የፖለቲካ ማኅደር አላቸው፤ የአየር ሰዓት ማን ጠየቀ፣ ተሰጠው ወይስ ተከለከለ፣ ስንት ከፈለ፣ መቼ ተላለፈ። ሌላው ማኅደር የማይጠየቅባቸው አነስተኛ ኃይል ያላቸው የኤፍኤም ጣቢያዎች እንኳ ይህኛው አይቀርላቸውም። ለእኛም ቅጹ ቀላል ነው፤ በነፃ የተሰጠ ሰዓት፣ በገንዘብ የተሰጠ፣ የተከለከለና ምክንያቱ። «የተከለከለ» የሚለውን ዓምድ አንዳንዶች ይቅር ብለው ነበር። ቢቀር ማኅደሩ የሰጠነውን ብቻ የሚያሳይ የምስጋና ደብዳቤ ይሆናል።

ታኅሣሥ 3

የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ዝርዝር ወጣ። ሩብ ዓመቱን በበጀት ዓመት ነው የቆረጥነው፤ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜን ጨምሮ መስከረም። መዝገቡ ያኔ ስላልነበረ ከጋዜጠኞቹ ደብተርና ከየፍላሹ ነው የተሰበሰበው። ጉዳዮቹ፦ የመሬት አሲድነትና ኖራ፣ የማዳበሪያ አቅርቦት፣ ወባ፣ የእርሻ መሬት ወደ ባሕር ዛፍ መለወጥ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ።

ስንዘረዝር አንድ ነገር ፈጥጦ ወጣ። ማዳበሪያ ላይ ብዙ ፕሮግራም አለን፤ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ኃላፊ ቃለ መጠይቅ የተደረገባቸው ናቸው፤ ገበሬ የተናገረባቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ወባ ላይ ደግሞ የሠራነው በሙሉ መስከረም ላይ ነው፤ ደብዳቤው የመጣው ሐምሌ ላይ ነበር። ዝርዝሩ ለተቆጣጣሪ ብቻ ቢዘጋጅ ኖሮ ብዛቱን ጽፈን እናልፈው ነበር። የፕሮግራም ኃላፊው ወረቀቱን ይዞ ወደ ቢሮው ገባ፤ ብዙ ቆየ።

ታኅሣሥ 9

ማኅደሩ ከኋላ ክፍል ወጥቶ እንግዳ መቀበያው ላይ መደርደሪያ ተሠራለት። በውስጡ ያለው፦ የፈቃድ ግልባጭ፣ የቦርድ አባላት ስም ዝርዝር፣ የስርጭት መዝገብ፣ የሩብ ዓመት ዝርዝር፣ የማስታወቂያ ዋጋ፣ የምርጫ ማኅደር፣ የደብዳቤ ማውጫ፣ የቅሬታ አቀራረብ አንድ ገጽ። የሠራተኛ የግል ማኅደር፣ ደብዳቤዎቹ ራሳቸው፣ ስለ ሕፃናትና ስለ ታማሚዎች የተጻፈ ሁሉ እዚያ የለም።

ከጥበቃው ጋር የተነጋገርነው ከሁሉም በላይ ጊዜ ወሰደ። ሰው መጥቶ ማኅደር አሳዩኝ ሲል ስሙን ይመዘግባል፣ ፍተሻው እንደተለመደው ነው፤ «ለምን?» ግን አይልም። «ለምን ካላልኩት እንዴት አውቀዋለሁ?» አለኝ። ማወቅ አያስፈልግህም አልኩት። ይህን ነገር በጽሑፍ ካልሰጠኸኝ አለ፤ ትክክል ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ፈርመው ሰጡት፣ በመስኮቱ ላይ ለጠፈው።

የቀሩት ሥራዎች፦ ካሴቶቹን ወደ ዲጂታል መቀየር (ማጫወቻው ቀበቶው ላልቷል፤ መለዋወጫ ባሕር ዳር እየተፈለገ ነው)፤ ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ የሚቀመጥበትን ቦታ መወሰን፤ የኖራውን ደብዳቤ ለግብርና ባለሙያ አቅርቦ በአየር ላይ መመለስ። የሁለተኛው ሩብ ዓመት፣ የጥቅምት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ዝርዝር ጥር 10 መደርደሪያው ላይ ይውላል። እሱን ከስርጭት መዝገቡ የምታወጣው «ለምን እንጽፋለን?» ብላ የጠየቀችው ጋዜጠኛ ናት፤ ራሷ ነች የጠየቀችው።